ወንጌል የላከ፣ ስደተኛ የመቀበል ዕዳ አለበትን?

አወያይ (ደብረ ብርሃን)፦ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የስደተኞች ቅበላን አግዷል። በታይላንድ መጠለያዎች ተራ ሲጠባበቁ ከነበሩት መካከል ከበርማ (ከዛሬዋ ምያንማር) የሸሹ የካሬን ብሔረሰብ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹም የአሜሪካ ባፕቲስት ሚስዮናውያን ያስተማሯቸው ሰዎች ልጆች ናቸው። የላከች ቤተ ክርስቲያን የመቀበል ዕዳ አለባትን?

መምህሩ (ደብረ ብርሃን)፦ አለባት ባይ ነኝ። አሜሪካዊው ሚስዮናዊ አዶኒራም ጀድሰን እ.ኤ.አ. በ1812 ካልካታ ሲደርስ የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ አባረረው። በ1813 በርማ፣ ራንጉን ከተማ የገባው የህንድ በር ስለተዘጋበት ነው። ከእርሱ በፊት እንግሊዛዊው ሚስዮናዊ ዊሊያም ኬሪም ያው ኩባንያ ቢከለክለው በ1800 ዴንማርኮች በሚያስተዳድሯት የህንድ ከተማ ሴራምፖር ተጠግቶ ነው ሥራውን ያደላደለው። የሚስዮን ታሪክ ሲተረክ ልፋታቸው ይወሳል፤ በር የከፈተላቸው ሰው ግን ይዘለላል። ቅርሱን የወረሰ ዕዳውንም ይወርሳል።

ጋሼ (መሐል ሜዳ)፦ ልጄ፣ ጀድሰንን በርማ ማን ጠራው? ንጉሡ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሲገጥም በ1824 ሰላይ ነህ ብሎ አሰረው፤ ፈረንጅን ከፈረንጅ ለይቶ የሚያይበት ምክንያት አልነበረውም። የእኛ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጣው ድንጋጌ ኦርቶዶክሳዊ በሆነው የአገሪቱ ክፍል ሚስዮኖች እንዲያክሙና ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ እንጂ ሃይማኖታቸውን እንዲሰብኩ አልፈቀደም። እንግዳ መቀበል ሌላ፣ ሃይማኖቱን መቀበል ሌላ። ሳይጠሩት ሄዶ አስተምሮ ዛሬ «የእኔ ወገን» ብሎ መምረጥ እንግዳ ተቀባይነት አይባልም።

ነርሷ (ደብረ ብርሃን)፦ ዕዳው በወንጌል ከተለካ ሮሂንጃውስ? እርሱም ከዚያችው በርማ የተሰደደ ነው፤ ሙስሊም ስለሆነ ጀድሰን የለውም። እዚሁ ቻይና ካምፕ በሚባለው የተፈናቃዮች መጠለያ ባና ስናድል ከወለጋ የተፈናቀለች አንዲት እናት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሰብስባ «ሙስሊም ነኝ፤ ይሰጠኛል?» አለችኝ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደሁ ሃይማኖት አይጠይቅም። ይህን ጥያቄ ማን አስተማራት?

መምህሩ፦ እህቴ፣ «ለሰው ልጅ ሁሉ» የሚል ሰው የማንንም ስም አይዝም፤ ስለዚህ ማንም አይጠይቀውም። ዕዳ ያለበት ግን በስሙ ይጠራል። ለካሬን የተከፈተ በር ለሮሂንጃም ይሰፋል፤ ለማንም ካልተከፈተ በር ማን ይገባል?

ተማሪ (አንኮበር)፦ ነጃሺን ረሳችሁት እኮ! የነቢዩ ተከታዮች ሲመጡ ሃይማኖታቸው የእርሱ አልነበረም።

ጋሼ፦ ነጃሺ ለሰርግም ለልቅሶም ይጠቀሳል። ካምፑ ውስጥ ያለው ሰው መቼ ቤት ያገኛል? እርሱን ንገረኝ።

ነርሷ፦ ቤቱ ይቅርና የእኛ ዕድር ተፈናቃዮች በአባልነት ይመዝገቡ ሲባል ሳይስማማ ተበትኗል። የመግቢያ መዋጮ የላቸውም ተባለ።

ጋሼ፦ ዕድር የቀብር ማኅበር ነው እንጂ የስደተኞች መሥሪያ ቤት አይደለም።

ነርሷ፦ ተፈናቃይም ይሞታል፣ ጋሼ።