ከፍላሽ ላይ ደብዛዛው ቪዲዮ ይከፍታል፣ ጥርት ያለው እምቢ አለ (የሰርግ ቪዲዮ ነው፣ እርዱኝ)

የማዘር_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ በቅርቡ ቨርጂኒያ ተሞሸረ፣ እማዬ ግን ቪዛ አልተሳካላትም። ስለዚህ ቪዲዮውን ሁሉ ሰብስቤ በፍላሽ ጎንደር ልልክላት ነው። ስልክ ላይ ማየት አትወድም፣ ዓይኗም ደከም ብሏል። ቤቷ ያለው ባለ 32 ኢንች ቲቪ ነው። ስማርት አይደለም፣ ግን ከጎኑ የፍላሽ መሰኪያ አለው። እኔም ቤት ያው ዓይነት ቲቪ ስላለ እሱ ላይ እየሞከርኩ ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ዘመዶች በቴሌግራም የላኩልኝ ብዙ አጫጭር ቪዲዮ አለ። ግማሹ ይከፍታል፣ ግማሹን «ፋይሉ አይደገፍም» ይላል። የሚያናድደው የሚከፍተው ደብዛዛው መሆኑ ነው! ጥርት ያለውን አይነካውም። ሌላ ደግሞ የቪዲዮ ባለሙያው ያዘጋጀው ሙሉው አለ፣ 2 ሰዓት ገደማ፣ ሰው ሲመጣ በሃርድ ዲስክ ነው የላኩልኝ። ሃርድ ዲስኩን ቲቪው ላይ ስሰካው ስሙ ይታያል፣ ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ኮምፒውተር ላይ በቪኤልሲ ሁሉም ይሰራል። አንድ ልጅ «ከነጥቡ በኋላ ያለውን ወደ ኤምፒ4 ቀይሪው» አለኝ፣ ቀየርኩት፣ ምንም። ኦንላይን ኮንቨርተርም ሞክሬ ዳታዬን ጨርሶ መሃሉ ላይ የራሱን ማስታወቂያ ለጥፎ መለሰልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሚዜዎቹ እዚያው ያደጉ ስለሆኑ ንግግራቸው በእንግሊዝኛ ነው። እማዬ እንድትሰማው ብዬ በአማርኛ ሰብታይትል ጻፍኩለት፣ ኮምፒውተር ላይ ያምራል፣ ቲቪው ላይ ግን የሳጥን ሰልፍ ብቻ ነው የሚመጣው።

ባለዲሽ፦
ምን ያደክምሻል እህቴ። አንድ አንድሮይድ ቦክስ ገዝተሽ ላኪላት፣ ሁሉንም ያነባል፣ በቃ። ካልሆነም ላፕቶፕ ያለው ሰው በኤችዲኤምአይ ገመድ ሰክቶ ያሳያት።

የማዘር_ልጅ፦
@ባለዲሽ ቦክሱን ማን ያበራላታል? ሪሞት ሁለት ከሆነባት ቲቪውንም ትተወዋለች። ፍላሽ መሰካት ግን የጎረቤት ልጅ አያቅተውም።

ቁልፍ_ሰሪ፦
«የሚከፍተው ደብዛዛው ነው» ያልሽው ነገር ራሱ መልሱን ይዟል። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ ዝም ብሎ እንደ ቪዲዮ ሲላክ መተግበሪያው ያሳንሰዋል፣ ሲያሳንሰው ደግሞ ኤች264 በሚባለው የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ እንደገና ይጽፈዋል። ለዚህ ነው የደበዘዘው፣ ለዚህም ነው የከፈተው። ኤች264 ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ፊልም ከፍላሽ የሚያነብ ቲቪ ሁሉ ማለት ይቻላል ያውቀዋል። ጥርት ያለው ግን «እንደ ፋይል» የተላከ ይመስለኛል፣ ማለትም ከስልኩ እንደወጣ ነው የደረሰሽ። አይፎን ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ካልቀየሩት በቀር፣ የሚቀርጸው በኤች265 ነው፣ ኤችኢቪሲ የሚሉት። ስማርት ያልሆነ ባለ 32 ኢንች ቲቪ ይሄን ባያውቅ አይገርምም።

ስሙን መቀየሩ ለምን እንዳልሰራ ልንገርሽ። ኤምፒ4፣ ኤምኬቪ፣ ኤሞቪ የሚባሉት ጆንያ ናቸው። ጆንያው ላይ «ጤፍ» ብለሽ ብትጽፊበት ውስጡ ያለው ገብስ ጤፍ አይሆንም። ቲቪው የሚጣላው ከውስጡ ጋር ነው።

አሁን ምንም ኮንቨርት አታድርጊ። መጀመሪያ ሚዲያኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኚና ሶስት ፋይል ክፈቺበት፦ አንድ የሚሰራ፣ አንድ የማይሰራ፣ እና የባለሙያውን። ቪዲዮ በሚለው ስር ፎርማቱን፣ ወርድና ቁመቱን፣ ፍሬም ሬቱን (በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያሳይ)፣ ኦዲዮ በሚለው ስር ደግሞ ፎርማቱን ጻፊልን። እዚህ አገር ሰው ሳያይ ኮንቨርት እያደረገ ነው ሌሊቱን የሚያነጋው።

የማዘር_ልጅ፦
ይኸው፦
የሚሰራው፦ ኤቪሲ፣ 848 በ480፣ ድምፁ ኤኤሲ።
የማይሰራው፦ ኤችኢቪሲ፣ 1920 በ1080፣ ሮቴሽን 90 ይላል፣ ፍሬም ሬቱ ቫሪያብል፣ ድምፁ ኤኤሲ።
የባለሙያው፦ ኤቪሲ፣ 3840 በ2160፣ ፍሬም ሬቱ 59.94፣ ድምፁ ኤኤሲ። 21 ጊጋ ነው።
ኤቪሲ ማለት ያው ኤች264 ከሆነ የባለሙያው ለምን አይከፍትም?

ቁልፍ_ሰሪ፦
አዎ፣ ኤቪሲና ኤች264 አንድ ናቸው። ግን የባለሙያው 4ኬ ነው። እንዲህ ያለ ቲቪ ውስጥ ያለው ቺፕ ቢበዛ 1920 በ1080 ነው የሚችለው፣ እሱንም በሰከንድ 60 ፍሬም ሲሆንበት የሚንተባተብ ሞልቷል። ቋንቋውን ያውቃል፣ መጠኑ ነው ያቃተው። ስለዚህ በሽታሽ ሁለት ነው፣ መድኃኒቱ ግን አንድ።

ሃንድብሬክ የሚባለውን የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም አውርጂ። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ አይለጥፍም፣ ኢንተርኔትም ካወረድሽው በኋላ አይፈልግም። ፋይሉን ጎትተሽ ጣይበት፣ ከፕሪሴቶቹ (ቀድመው ከተዘጋጁት ምርጫዎች) «ፋስት 720ፒ30» የሚለውን ምረጪ። ቪዲዮ የሚለው ታብ ላይ ኢንኮደሩ ኤች264 መሆኑን እይ፤ 10 ቢት የሚል የተጻፈበትን አትንኪ፣ በኤች264 እሱን የሚያነብ ቲቪ የለም ማለት ይቻላል። እዚያው ፍሬም ሬቱን 30፣ ከስሩ ደግሞ «ኮንስታንት» አድርጊው። ስልክ ሲቀርጽ ፍሬሙን እንደ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ እንዳለ ከተውሽው አንዳንድ ማጫወቻ ላይ ድምፁ ከከንፈር ቀድሞ ይሄዳል። ኦዲዮው ኤኤሲ ስቴሪዮ ይሁን።

ሮቴሽን 90 ያልሽው በቁም የተቀረጸ ስለሆነ ነው። ቲቪ ይሄን ምልክት ብዙ ጊዜ አያየውም፣ ሙሽራዋን በጎኗ አጋድሞ ነው የሚያሳይሽ። ሃንድብሬክ ግን ሲጽፈው ራሱ ያቆመዋል።

ደግሞ ሙሉውን 2 ሰዓት አትጀምሪ። ከላይ ሬንጅ የሚል አለ፣ እሱን ወደ ሰከንድስ ቀይሪና ከ0 እስከ 60 ብቻ ስሪ። ያን አንድ ደቂቃ በፍላሽ ቲቪው ላይ እይው። ከሰራ ሌላውን ለቀቅ።

ሸገር_4ኬ፦
ለምን 720? የሰርግ ቪዲዮ በሕይወት አንዴ ነው፣ 1080 አድርጊው፣ ጥራት አታበላሺ።

ቁልፍ_ሰሪ፦
@ሸገር_4ኬ ብዙዎቹ ባለ 32 ኢንች ኤችዲ ቲቪዎች ስክሪናቸው 1366 በ768 ነጥብ ነው። 1080 ብትሰጠው ራሱ መልሶ ያሳንሰዋል። ለፍላሹ ሸክም እንጂ ለዓይን ትርፍ የለውም። ኦርጅናሉ ሃርድ ዲስኩ ላይ እንዳለ ይቀመጣል፣ ማንም አይነካውም። ይሄ ለቲቪ የሚሰራ ኮፒ ነው።

ዲሲ_ነኝ፦
እኔ ከዚህ ማዶ ስለሆንኩ ስለላኪዎቹ ልበል። ገና ያልላኩ ዘመዶች ካሉ አይፎናቸው ላይ ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ገብተው «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ይምረጡ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀርጹት በኤች264 ይሆናል። የድሮውን ግን አይቀይርም። አይፎን 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሪከርድ ቪዲዮ በሚለው ውስጥ ኤችዲአር ቪዲዮ የሚለውን ያጥፉት። እሱ ሲበራ ያው በኤች265 ነው የሚቀርጸው፣ ተራ ቲቪ ላይም የሰው ፊት አመድ ይመስላል። ስትቀበሉ ደግሞ ሁሌም እንደ ፋይል አስልኩ። አንዴ ቴሌግራም የቀነሰውን ጥራት ማንም አይመልሰውም። ያለ ፕሪሚየም የአንድ ፋይል ጣሪያ 2 ጊጋ ነው።

ፊደል_ቆጣሪ፦
ስለ ሳጥኖቹ እኔ ልመልስ፣ የኔም ጣጣ እሱ ነበርና። ጽሑፍሽ ምንም አልሆነም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሠንጠረዥ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ኮምፒውተርና ስልክ ፎንቱ አላቸው። የቲቪው ሶፍትዌር ግን የኛ ፊደል ያለበት ፎንት አልተጫነበትም፣ ስለዚህ በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ ሳጥን ያስቀምጣል። ቲቪው ላይ ፎንት መጫን አይቻልም፣ ሰብታይትሉን ስንት ጊዜ ብታስተካክዪው ለውጥ የለውም።

መፍትሄው ፊደሉን ምስሉ ላይ ማተም ነው። መጀመሪያ ፋይልሽን በኖትፓድ ክፈቺና ሴቭ አዝ ስትዪ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 አድርጊ። ሃንድብሬክ ላይ ሰብታይትልስ ታብ ግቢ፣ ፋይሉን ኢምፖርት አድርጊ፣ ከጎኑ «በርን ኢን» የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። እንደዚያ ሲሆን ፊደሉ የሥዕሉ አካል ይሆናል፣ ቲቪው ማንበብ አይጠበቅበትም። ጉዳቱ አንዴ ከታተመ አይጠፋም፣ ስለዚህ አንድ ደቂቃውን ስትሞክሪ ሚዜዎቹ የሚናገሩበትን ቦታ ምረጪ። ለእናትሽ ስለሆነ ፊደሉን ማተለቅ ከፈለግሽ ሰብታይትል ኤዲት የሚባለው ፕሮግራም አለ፣ እዚያ ኤኤስኤስ በሚባለው ፎርማት አስቀምጠሽ ፎንትና መጠን መምረጥ ትችያለሽ። አንድ መስመር ላይ ከ30 ፊደል በላይ አታብዢ፣ አማርኛ ቃሉ ረጅም ነው፣ ሳያነቡት ያልፋል።

የፋይሎቹን ስምም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊው። «መልስ» ብለሽ በአማርኛ ካስቀመጥሽው ዝርዝሩም ውስጥ ሳጥን ነው የሚታየው። እናትሽ በቁጥር ብታገኘው ይቀላታል፣ 01፣ 02 እያልሽ።

የማዘር_ልጅ፦
አጫጭሮቹ በሙሉ ሰሩ!! ሙሽራዋም ቆማለች 😄 ሰብታይትሉም ጥርት ብሎ መጣ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የባለሙያው ግን አስጨነቀኝ። ማታ ጀምሬው ተኛሁ፣ ሌሊት መብራት ሄዶ ጠዋት የተገኘው ፋይል 2 ጊጋ ያህል ሆኖ ቪኤልሲም አልከፍትም አለ። በማግስቱ በ1080 ሰርቼው አለቀ፣ 5 ጊጋ ከምናምን መጣ፣ ፍላሹ ላይ ግን «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎ አልቀበልም አለ። ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ነው፣ ከ20 በላይ ባዶ አለ!

ቁልፍ_ሰሪ፦
ሁለቱም የታወቁ ናቸው። ኤምፒ4 ማውጫውን የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። የትኛው ፍሬም የት እንዳለ የሚነግረው ማውጫ ሳይጻፍ መብራት ከሄደ 2 ጊጋው እዚያው ተቀምጦም የሚያነበው የለም። ሰመሪ ታብ ላይ ፎርማቱን ኤምኬቪ ካደረግሽው እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ይከፍታል። ቀድመሽ ግን አንድ ደቂቃ በኤምኬቪ ሰርተሽ ቲቪው እንደሚቀበለው እይ። ሃንድብሬክ መብራት ሲመጣ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ነው። እና ረጅሙን በሬንጅ ከፋፍለሽ ብትሰሪው ይሻላል፦ ቤተክርስቲያኑን ለብቻ፣ አዳራሹን ለብቻ፣ መልሱን ለብቻ። ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ከተገኘማ በዚያ ስሪው። ኢንኮደር ዝርዝሩ ላይ ኤች264 ኢንቴል ኪውኤስቪ የሚል ካየሽ እሱ በጣም ይፈጥናል፣ በተመሳሳይ ጥራት ፋይሉ ትንሽ ይወፍራል እንጂ።

ፍላሹ ደግሞ ፋት32 ነው። በዚህ ፎርማት አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ማለፍ አይችልም፣ የቀረው ቦታ የፈለገውን ያህል ቢሆን። ወደ ኤክስፋት ፎርማት አድርጊው የሚልሽ ይኖራል፣ የቆየ ቲቪ ግን ኤክስፋትን ብዙ ጊዜ ጨርሶ አያይም፣ የእናትሽ ቲቪ ጋር ደርሶ «መሳሪያ የለም» ቢል ማን ያስተካክለዋል? ሃርድ ዲስኩን ያነበበው ምናልባት ኤንቲኤፍኤስ ስለሆነ ነው፣ ግን ከፋት32 ጋር መቆየቱ ይሻላል።

ስለዚህ ወደ 720 ተመለሺ (@ሸገር_4ኬ ይቅርታ)። ቪዲዮ ታብ ላይ ጥራቱን በቁጥር ከመተው «አቬሬጅ ቢትሬት» የሚለውን መርጠሽ 3000 ጻፊ። በሰከንድ 3 ሜጋቢት ማለት ነው፣ ለ2 ሰዓት ቪዲዮው 2.7 ጊጋ ይመጣል፣ ድምፁ ሲጨመር ከ3 ጊጋ አያልፍም።

ሸገር_4ኬ፦
እሺ ተሸነፍኩ 😂

አራዳው_77፦
ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይቅርታ። እኔ የወላጆቼ ሰርግ ነው፣ ከካሴት ወደ ዲቪዲ የተገለበጠ። ዲቪዲው ውስጥ ቪኦቢ የሚባሉ 1 ጊጋ 1 ጊጋ የሆኑ ፋይሎች አሉ፣ አንዱን ኮንቨርት ሳደርገው እስክስታው ላይ ትከሻቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል።

ቁልፍ_ሰሪ፦
የኛ አገር ዲቪዲ በፓል ነው፣ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። ከካሴት የመጣ ስለሆነ እያንዳንዱ ፍሬም በሁለት ግማሽ የተሰፋ ነው፣ ጎዶሎ መስመሮቹ አንድ ቅጽበት፣ ሙሉዎቹ ሌላ ቅጽበት። ዝም ብሎ የቆመ ሰው ላይ አይታይም፣ ትከሻ ሲንቀሳቀስ ነው የሚወጣው። ሃንድብሬክ ላይ ፊልተርስ ግባና ዲኢንተርሌስ የሚለውን አብራ፣ ያዲፍ የሚባለው ይበቃሃል። ፍሬሙን 25 ላይ ተወው፣ መጠኑንም አታሳድገው፣ 576 የነበረን 1080 ማድረግ ፋይል ማወፈር ብቻ ነው።

ቪኦቢዎቹን ደግሞ አንድ በአንድ አትስራ። ቪዲዮ ቲኤስ የሚለውን ፎልደር ሙሉውን ክፈትለት፣ ራሱ አገጣጥሞ እንደ አንድ ፊልም ያመጣዋል። ከዲስኩ በቀጥታ አታሰራው፣ መጀመሪያ ፎልደሩን ኮምፒውተሩ ላይ ኮፒ አድርግ። ኮፒው መሃል ላይ የሚቆም ከሆነ ዲስኩ ተጫጭሯል ማለት ነው፣ ያ የኮንቨርት ጉዳይ አይደለም፣ ለብቻው ጥያቄ ክፈትበት።