አስቸኳይ፦ የእማዬ ታብሌት ሙዚየሙን አልከፍት አለ

ቤዛ ከግንፍሌ፦ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። እማዬ ታብሌቷ ላይ የምታየው ሙዚየም አልከፍት ብሏል። ትናንት ከሰዓት ይሠራ ነበር። 9 ሰዓት ላይ የዕድር ጓደኞቿ ለቡና ይመጣሉ። ያቺን ወርቃማ ቀሚስ የለበሰች፣ ዶሮ ከወገቧ ያንጠለጠለች ልጅ ላሳያችሁ ብላ ነው የጠራቻቸው። አሁን 7 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ምን ላድርግ?

ሚኪ፦ አጥፍተሽ አብሪው። ካልሆነ ጥቅልሽ አልቆ ይሆናል።

የሥዕል መምህር፦ ልጄ፣ ያቺ ልጅ ያለችው የሬምብራንት «የሌሊት ዘብ» ላይ ነው። በ1642 የተሣለ፣ አምስተርዳም ራይክስሙዚየም ያለ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ሥዕል ፊቱ ቆመው ነው የሚያዩት። አፍሪካ አዳራሽ ገብቶ የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ያየ ሰው ይህን ያውቃል። 150 ካሬ ሜትር የሚሞላ ብርሃን በየትኛው ስክሪን ይመጣል? ከግንፍሌ አምስት ኪሎ ቅርብ ነው። ታክሲ ይዘሽ ብሔራዊ ሙዚየም ብትወስጃቸው አይሻልም?

ቤዛ ከግንፍሌ፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ የምትወርደው ለሐኪምና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። የአፈወርቅን መስታወት በወጣትነቷ አይታዋለች፣ እስከ ዛሬ ታወራዋለች። አምስተርዳምንማ ጉልበቷ ደህና በነበረ ጊዜስ ማን ይወስዳታል? እዚህ የዶሮዋን ጥፍር ሳይቀር በጣቷ አስፍታ ታያለች። ይሄ ሥዕል ማየት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?
ሚኪ፣ ዋይፋይ ነው፤ ቴሌግራም ይሠራል። ድረ ገጽ ስከፍት ግን «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» ይላል። የሌላ ሙዚየም ገጽም ያው ነው።

ቶሚ፦ አጥፍተሽ አብሪው፣ የኔም እንደዚያ ሆኖ ነበር።

ሰላም ጂ፦ ዶሮዋን ለበዓል እንዳያርዷት ብቻ። ካሹን፣ ታብሌቱ ከድረ ገጾች ያጠራቀመውን ማለቴ ነው፣ አጽጂው እስቲ።

አቢ ጥገና፦ ቤዛ፣ ታብሌቱ ላይ ያለውን ቀን እዪልኝ። ዓመቱ 2018 ይላል?

ቤዛ ከግንፍሌ፦ አዎ፣ 2018 ነው፣ ትክክል ነው። ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ ጾሙ እንዳይምታታባት ብሎ በሐበሻ አድርጎላታል። ምን አገናኘው?

አቢ ጥገና፦ ችግሩ እሱ ነው! ገጽ ሲከፈት ታብሌቱ የጣቢያውን የደህንነት የምስክር ወረቀት ያያል። ወረቀቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ታብሌቱ አሁን በፈረንጅ 2018 ላይ ነኝ ብሎ ያምናል። ስለዚህ ዘንድሮ የወጣውን ወረቀት ገና ጊዜው አልደረሰም ብሎ ይመልሰዋል። ሴቲንግ ግቢ፣ ቀንና ሰዓት የሚለውን ክፈቺና በራሱ እንዲያስተካክል አድርጊው። ሰዓቱንም ልጁ በሐበሻ አድርጎት ከሆነ አብሮ ይስተካከላል። ማስጠንቀቂያውን ዝም ብለሽ አልፈሽ ግን እንዳትገቢ። እናታችን ያንን ከለመዱ ነገ አጭበርባሪ የላከላቸውን ሊንክም እንደዚያው ያልፉታል።

ቶሚ፦ ወይ ደግሞ ፋክተሪ ሪሴት አድርጊው።

አቢ ጥገና፦ ኧረ በፍጹም! ፎቶዋቸው ሁሉ ይጠፋል። ቀኑን ብቻ።

የሥዕል መምህር፦ ፎቁን መጀመሪያ አልነገርሽንም። እንግዲያው ሲከፈት ባልቲሞር ያለውን የዋልተርስ ሙዚየም ገጽም አሳያቸው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የተሣሉ የእመቤታችን ሥዕሎች አሉበት። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታንም ባለሥዕል የብራና ወንጌል አለው። ሁለቱም በነጻ ይታያሉ። የዕድር እናቶች ከዶሮዋ ይልቅ እነዚያ ላይ ይቆያሉ፤ የዓይኖቹን አሣሣል አስፍተሽ አሳያቸው። ጉልበታቸው ደህና የዋለ ቀን ግን አምስት ኪሎን አትርሺ።

ናርዲ፦ ራይክስሙዚየም የ«ሌሊት ዘብ»ን 717 ቢሊዮን ፒክስል ፎቶ በ2022 አውጥቷል፤ የቀለሙ ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። ሁሉም በአንዴ አይወርድም፣ ያሰፋሽው ቦታ ብቻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ልጅቷ ላይ አስፊና ትንሽ ጠብቂ፤ ወዲያ ወዲህ አትጎትቺው። ቴሌቪዥናችሁ ስማርት ከሆነ ደግሞ ስክሪኑን ወደሱ ላኪው። አምስት ሰው አንድ ታብሌት ላይ ተደፍቶ አይሆንም።

ሚኪ፦ 8 ሰዓት ከሩብ ሆነ። ቤዛ፣ ተከፈተ?

አቢ ጥገና፦ ከተከፈተ በኋላ የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ አፕ አውርጂና ፊት ለፊቱ ላይ አውጪላቸው። በዓሉንም ጾሙንም ያሳያል። ያኔ ልጁ ሴቲንጉን ድጋሚ አይነካውም።