የአካባቢያችንን መረጃ በኢንተርኔት ለማግኘት ቤተ መጻሕፍት ምን ሊያግዘን ይችላል?

ጠያቂ፣ ከሐዋሳ፦
ጤና ይስጥልኝ። በታቦር ክፍለ ከተማ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤቴ፣ መታወቂያ ለማሳደስ የሚያስፈልጉ ሰነዶች የተዘረዘሩበት ማስታወቂያ በቴሌግራም ደርሷቸው፣ እሱኑ አምነው ከጠዋት ጀምሮ ወረፋ ያዙ፤ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ግን ማስታወቂያው የአምና መሆኑ ተነገራቸው። ስልካቸውን ተቀብዬ ሳየው ማኅተሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቀኑ የተጻፈበት የላይኛው ጠርዝ ግን ተቆርጧል። እኔ የምጠቀምበት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተርም ኢንተርኔትም አለው። እንዲህ ባለው ጉዳይ ሰው መርዳት የቤተ መጻሕፍት ሥራ ነውን?

መልስ፣ ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦
አዎን፣ ሥራው ነው። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ፣ ዜጎች ማንኛውንም ዓይነት የማኅበረሰብ መረጃ እንዲያገኙ ማድረግ ከተቋሙ ዋና ተልእኮዎች አንዱ ሆኖ ተቀምጧል።

መረጃውማ በየቻናሉ ሞልቷል፤ የጠፋው ባለቤቱና ቀኑ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ማስታወቂያውን ካወጣው መሥሪያ ቤት ገጽ ጋር አመሳክሮ፣ እዚያ ካላገኘውም ደውሎ ጠይቆ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ አድራሻውን፣ ስልኩንና መረጃው የተረጋገጠበትን ቀን በቤተ መጻሕፍቱ ገጽ ላይ ቢያሰፍር ብዙ ሰው ከከንቱ ምልልስ ይድናል። ቀኑ በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር መጻፉን መግለጽ አይዘንጋ፤ ሰዓቱም «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ እንጂ «3:00» ብቻ ተብሎ አይተው፤ በዚህ ምክንያት ቀጠሮ ያለፋቸው ሰዎች ገጥመውኛል።

ሌላ መልስ፣ ከሐዋሳ፦
ከላይ በተሰጠው ሐሳብ እስማማለሁ። መሥሪያ ቤቶች መረጃ አይሰጡም የሚል ስጋት ካለ፣ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል፤ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊውም በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በከተማችን ገጹ በሲዳምኛም በአማርኛም መዘጋጀት ይኖርበታል። ስማርት ስልክ ለሌላቸው ደግሞ ያው ጽሑፍ ታትሞ በር ላይ ይለጠፍ፤ አዲሱ ሲለጠፍም አሮጌው ይነሳ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሰኞ ይህንን ጽሑፍ አትሜ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቀርባለሁ፤ ከመታወቂያ እድሳት እንዲጀመርም እጠይቃለሁ። ስልክ እየደወሉ በማጣራቱ ሥራ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ በፈቃደኝነት ለማገልገል ዝግጁ ነኝ።