የባቦጋያ ልጆች ማኅበር፦ ከቲሸርቱ በፊት ምን ይቅደም?

ሰርድ_ከቦሌ፦

ሰላም የመርከብ ሰዎች። ባቦጋያ ሐይቅ ዳር መርከበኝነት ከሠለጠኑት አንዱ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ተምሬ፣ ቢሾፍቱ ሠልጥኜ፣ ካዴት፣ ማለት ተለማማጅ መኮንን፣ ሆኜ ወጣሁ። አሁን ሰርድ ኢንጂነር፣ የመርከቡ ሦስተኛ መሐንዲስ፣ ነኝ። ከሳንቶስ የጫንነውን አኩሪ አተር ቻይና አራግፈን ኮንትራቴን ጨርሼ ወርጄ (ሳይን ኦፍ አድርጌ) አዲስ አበባ እረፍት ላይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባቻችን ልጆች ማኅበር እናቋቁም ብለን አንድ ካፌ ተሰበሰብን። ወሬው ሁሉ ሎጎ ሆኖ አረፈው። መልሕቁ በግራ ይሁን በቀኝ፣ ቲሸርቱ ነጭ ይሁን ሰማያዊ። ማኪያቶ ታዘዘ፣ እንደገና ታዘዘ፣ ሊቀመንበር ተመረጠ። ሊቀመንበሩ በሚቀጥለው ሳምንት መርከብ ሊወጣ ነው! የቴሌግራም ግሩፓችንም ያው ነው። "እንኳን አደረሳችሁ"፣ የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ፣ ደግሞ "እንኳን አደረሳችሁ"። መሃል ላይ አንድ ካዴት "ይሄን ካምፓኒ የሚያውቅ አለ?" ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። የበዓል ስቲከር ወርዶበት ጥያቄው ጠፋ።

እና ልጠይቃችሁ። ግማሹ አባል ሁሌ ባህር ላይ የሆነ ማኅበር እንዴት ነው የሚሠራው? መዋጮስ ይኑረው? ደግሞ እኔ በግሌ ለሰከንድ ኢንጂነርነት፣ ከኔ በላይ ላለው ማዕረግ፣ እየተዘጋጀሁ ነው። ከፊቴ የሄዱትን "ሥራ ፈልጉልኝ" ባይ ሳልመስል እንዴት ላናግራቸው?

ቺፍ_ሮተርዳም፦

ሎጎውን ተወው፣ ወንድሜ። መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ሠንጠረዥ ነው። ማን፣ በምን ማዕረግ፣ ምን ዓይነት መርከብ ላይ፣ ዋናው ሞተር ምንድን ነው፣ መቼ ይወርዳል። በቃ።

ለምን መሰለህ? አንድ ልጅ የለመደው ነዳጁንና ቫልቩን በሚሽከረከር ዘንግ (ካምሻፍት) የሚያዘውን የድሮውን ኤምሲ ሞተር ነው እንበል። ነገ አዲሱ ኤምኢ ሞተር ላይ ይመደባል፤ ነዳጁንም የጭስ ማውጫ ቫልቩንም የሚያዘው ኤሌክትሮኒክስና ሃይድሮሊክ ነው። ይሄ ልጅ የሚፈልገው የማኅበር ፕሬዝዳንት አይደለም። ኤምኢ ላይ የሠራ፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው።

እኔ የመጀመሪያ መርከቤ ላይ ስወጣ ሰከንዱ ሻንጣዬን እንኳ በቅጡ ሳላስቀምጥ "የነዳጅ መስመሩን ተከታትለህ ሥለህ አምጣ" አለኝ። ከኔ በፊት እዚያው መርከብ ላይ የነበረ ልጅ፣ በዕለታዊው የቀትር ሪፖርት (ኑን ሪፖርት) ወረቀት ጀርባ በእስክሪብቶ የሣለውን ፎቶ አንስቶ ልኮልኝ ነበር። ነዳጁ ከሚረጋበት ሴትሊንግ ታንክ ወደ ማጣሪያው ፒዩሪፋየር፣ ከፒዩሪፋየር ሞተሩን ወደሚመግበው ሰርቪስ ታንክ፣ እያንዳንዱ ቫልቭ በቁጥሩ። ጥግ ላይ ደግሞ "ይቺ እጀታ የላትም፣ መፍቻ ይዘህ ሂድ" ይላል። ወርጄ በዓይኔ ማየቱ አልቀረልኝም፤ ግን የት እንደምሄድ አውቄ ነው የወረድኩት። ኔትወርኪንግ የሚባለው ለኔ ይሄ ነው። የሆቴል እራት አይደለም።

ሥራ ስለመጠየቅ። አሁን ቢሮ ነው የምሠራው፣ በየቀኑ "ሰላም ቺፍ" የሚል መልእክት ይደርሰኛል። "ሰላም፣ እንዴት ነህ" እላለሁ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?" ከዚያ ሦስት ቀን ዝም። በአራተኛው "ቤተሰብ ሰላም ነው?" ጨዋነቱን እወደዋለሁ፣ ግን ሰው ይገደላል እንዴ? በአንድ መልእክት ጨርሰው፦ ማዕረግህን፣ የያዝከውን የብቃት ሰርተፊኬት (ሲኦሲ)፣ በየመርከቡ ዓይነት ስንት ወር እንደሠራህ፣ ከመቼ ጀምሮ ነፃ እንደሆንክ። ለሰከንድ ቢያንስ 12 ወር በኢንጂነር ኦፊሰርነት ባህር ላይ መሥራት ይጠበቅብሃል፤ ያንን ከመርከበኛ ደብተርህ፣ ከሲማን ቡክህ፣ ላይ ደምረህ ጻፈው። እኔ ልደምርልህ አልችልም። እንዲህ የጻፈልኝን ልጅ ለማኝ አልለውም፣ ፋይሉን መርከበኛ ለሚመድበው ለክሩ ክፍል አስተላልፍለታለሁ።

ኢቲኦዋ፦

እኔ ኢቲኦ፣ የመርከብ ኤሌክትሪክ መኮንን፣ ነኝ። ቺፍ ያሉት ላይ አንድ ልጨምር። የኤጀንቶቹም ዝርዝር ይኑር። አንዷ የባቻችን ልጅ መርከበኛ አስቀጣሪ፣ ማኒንግ ኤጀንት፣ ነኝ ከሚል ሰው የኮንትራት ወረቀት በቴሌግራም መጣላት፤ ማኅተም ሁሉ አለው። "ለፕሮሰስ" ተብሎ ዶላር ተጠየቀች። በ2006ቱ (እ.ኤ.አ.) የባህር ሠራተኞች ኮንቬንሽን፣ ኤምኤልሲ በምንለው፣ ሥራ ለማስቀጠር ከመርከበኛ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው። ከኪሳችን ሊወጣ የሚችለው የፓስፖርት፣ የሲማን ቡክና የሜዲካል፣ የጤና ሰርተፊኬቱ፣ ወጪ ነው። ቪዛ እንኳ በአሠሪው ነው። ይሄን ግሩፑ ላይ ፒን አድርጉት፣ ከፀሐይ መጥለቂያው በላይ።

ሠንጠረዡ ላይ የሰርተፊኬት ማብቂያ ቀንም ይግባ። ሜዲካል ቢበዛ 2 ዓመት ነው፣ መሠረታዊው የደህንነት ሥልጠና፣ ቤዚክ ሴፍቲ፣ በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። የብዙዎቻችን በተቀራረበ ጊዜ ነው የሚያልቀው፤ ተሰባስበን ብንመዘገብ ለሥልጠናውም ዋጋ መደራደር እንችላለን።

ስብሰባው ማታ ቢራ ቤት ከሆነ ደግሞ እኔ የለሁበትም። ቅዳሜ ጠዋት አድርጉት።

ጡረተኛው_ካፒቴን፦

ልጆቼ፣ እኔ የድሮው ባህር ኃይል ኮሌጅ የተማርኩ ነኝ፤ በኋላ ንግድ መርከብ ላይ ሠርቻለሁ። የእናንተን ሞተር አላውቀውም። ማኅበር ግን አውቃለሁ።

የኛን ያቆየው ሥራ መፈላለጉ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. ባህር ኃይሉ ሲበተን ከሥራ ጋር የተያያዘው ነገር ሁሉ አብሮ ተበተነ። የተረፈው ለቅሶው ነው። መርከበኛ ውቅያኖስ መሃል ሆኖ አባቱ ቢሞት ማን ይቀብርለታል? መርከቡ አይመለስለትም። ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥለት፣ እናቱን የሚያጽናና፣ ለወንድሙ "እኔ የልጃችሁ ጓደኛ ነኝ" ብሎ ንፍሮ የሚበላ ሰው ያስፈልገዋል። እኛ ማን የት ሰፈር እንደሚኖር፣ የወላጆቹ ስም ማን እንደሆነ የያዝንበት ደብተር ነበረን። መሬት ላይ ያለው ይሄዳል፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ ይሄድለታል። መዋጮውም ለዚያ ነበር። ለቲሸርት ብር ያዋጣ ሰው በሁለተኛው ወር ይጠፋል፤ እናቱን የቀበርክለት ሰው ግን የትም አይሄድም።

ሥራውማ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከሚተዋወቅ ሰው ነዋ።

ሰርድ_ከቦሌ፦

ቺፍ፣ ኢቲኦዋ፣ ካፒቴን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ካፒቴን የጻፉትን ለልጆቹ አስተላልፌዋለሁ። አንዱ ባለፈው ዓመት አያቱ ሲያርፉ ህንድ ውቅያኖስ ላይ ስለነበር፣ አንብቦ ዝም አለ፤ ከዚያ መዋጮው በወር ስንት ይሁን ብሎ የጠየቀው እሱ ነው።

ሠንጠረዡ ላይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ማን የት መርከብ ላይ እንዳለ ከነቀኑ ለመቶ ሰው ክፍት ማድረግ ጥሩ አይመስለኝም፤ ካምፓኒዎችም አይወዱትም። የመርከቡን ስም ትተን ዓይነቱንና ሞተሩን ብቻ እንጻፍ ብያለሁ። የወላጆች አድራሻ ደግሞ ለብቻው፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚያየው ይሁን።

ቲሸርቱ ታትሟል፣ አልደረስንበትም። ሰማያዊ ነው።

አሁን የሚቸግረኝ ይሄን የሚይዝ ሰው ነው። እኔ ከወር በኋላ ልወጣ ነው። ባህሩን ትቶ አዲስ አበባ ወይም ቢሾፍቱ የተቀመጠ፣ ስልክ የሚያነሳ አንድ የኛ ልጅ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ።