አስቸኳይ! ፋየርዎል ካበራን በኋላ ዲኤንኤስ ቀይ ሆነብን

ሜሪ ከሜሪላንድ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ፣ በናታችሁ ቶሎ የሚያይልኝ ካለ። ሲሲዲሲ ውድድር ላይ ነን። ፋየርዎሉን (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደውን) እንዳበራን ዲኤንኤሱ (የዌብሳይት ስምን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚቀይረው) ስኮርቦርዱ ላይ ቀይ ሆነ፣ አይሠራም ማለት ነው። የዲኤንኤሱን ፖርት (መግቢያ በር)፣ 53ን፣ ከፍቻለሁ። ሰርቨሩ ላይ ሆኜ ስጠይቀው ይመልሳል፣ ከሌላ ማሽን ግን ዝም ነው። ሊኑክሱን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ቡድኑ በሙሉ እኔን ነው የሚያየው።

የሐዋሳው
ሪስታርት አድርጊው።

ጋሽ ኔትወርክ
ልጄ፣ ቆይ። ውድድር ላይ ከሆናችሁ ይህን እዚህ መጠየቅ የለብሽም። ከውጭ ሰው እርዳታ መቀበል በሲሲዲሲ ሕግ ክልክል ነው፣ ቡድኑን ያስቀጣል።
ለማያውቁት ልንገር። ሲሲዲሲ ከ2005 ጀምሮ በአሜሪካ ኮሌጆች መካከል የሚካሄድ የመከላከል ውድድር ነው። ቢበዛ 8 ተማሪ አንድ ላይ ሆኖ የአንድ ድርጅት ኔትወርክ ይረከባል። ቀይ ቡድን የሚባሉ ባለሙያዎች ሰብረው ለመግባት ይሞክራሉ። ተማሪዎቹ እነሱን እየተከላከሉ ዌብሳይቱም፣ ኢሜይሉም፣ ዲኤንኤሱም ሳይቋረጥ ማሠራት አለባቸው። በዚያ ላይ ከ"አለቃ" የሚመጣ የቢሮ ሥራ አለ፣ ኢንጀክት ይሉታል። ሪፖርት ጻፉ፣ ይህን ፖሊሲ አውጡ፣ በዚህ ሰዓት አስረክቡ ይባላል። ስለዚህ ሁሉን ቆልፎ መቀመጥ መከላከል አይደለም። ደንበኛው ካልገባ ነጥብም የለም።

ሜሪ ከሜሪላንድ
ጋሼ ልምምድ ነው፣ የራሳችን የመለማመጃ ላብራቶሪ ላይ ነን። ውድድሩ ቅዳሜ ነው። ሰርቨሩ ኡቡንቱ ሊኑክስ ነው፣ ፋየርዎሉ ዩኤፍደብሊው የሚባለው።

የሐዋሳው
እኔን ሪስታርት ነው ያዳነኝ። ሰርቪሱን ሳይሆን ማሽኑን ራሱን።

ዴቭ ቨርጂኒያ
እኔ የማይገባኝ፣ ዓመቱን ሙሉ በውድድር ለምን ታሳልፊያለሽ? መኸር ላይ ናሽናል ሳይበር ሊግ የሚባለው ሌላ የተማሪዎች ውድድር፣ በብርዱ ወቅት ሲሲዲሲ። ሴኩሪቲ ፕላስ የሚባለውን የሳይበር ደህንነት ሰርተፊኬት ያዢና ሥራ ግቢ። እዚህ ዲሲ አካባቢ የመከላከያ ሚኒስቴር ኮንትራክተሮች በሙሉ የሚጠይቁት እሱን ነው። ድሮ በ8570፣ አሁን በ8140 መመሪያ ብዙ የሥራ መደቦች ላይ ተቀባይነት አለው።

ከፒያሳ
ሜሪላንድም መብራት ሄደ እንዴ? ሃሃ። ለማንኛውም ፖርቱን ዳታ ከሚላክባቸው ሁለት መንገዶች (ቲሲፒና ዩዲፒ) በቲሲፒ ብቻ ከፍተሽው እንዳይሆን። የዩኤፍደብሊውን ስታተስ አውጥተሽ እዪ። 53 አጠገብ ቲሲፒ የሚል ካለ ችግሩ እሱ ነው። ዲኤንኤስ በአብዛኛው የሚጠየቀው በዩዲፒ ነው። ቲሲፒ የሚያስፈልገው መልሱ ትልቅ ሲሆን ወይም ዞን ትራንስፈር (የዲኤንኤስ መዝገቡ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲገለበጥ) ላይ ነው። ቁጥሩን ብቻውን ስትጽፊው ሁለቱንም ይከፍትልሻል።

ብሌን
@ዴቭ ቨርጂኒያ፣ ክሊራንስ (የመንግሥት የምስጢር ፈቃድ) ለሚጠይቁት ሥራዎች ዜግነት ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ይዞ ለሚማር ልጅ "ሴኩሪቲ ፕላስ ያዢ፣ ሥራ ግቢ" ብሎ መንገር ልክ አይደለም። እኔ ሴኩሪቲ ፕላስ አለኝ፣ አላጣጥለውም። ቢበዛ 90 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው፣ ማለፊያው ከ900 ነጥብ 750 ነው። የፖርት ቁጥሮቹን እዚያ ነው የሸመደድኳቸው። ግን አንድ ሰርቪስ ዓይኔ እያየ ሲወድቅ ከየት መፈለግ እንደምጀምር ያስተማረኝ ውድድር ነው። ኢንተርቪው ላይም ያወራሁት ስለ እሱ ነው።

ዴቭ ቨርጂኒያ
እሺ፣ የዜግነቱ ነገር ልክ ነሽ። ሰርተፊኬቱ ግን ቀድሞ መያዝ አለበት። ያለ እሱ ሲቪሽን የሚያነብልሽ የለም።

ሜሪ ከሜሪላንድ
53 ቲሲፒ ነው የሚለው!! ዩዲፒውን ከፈትኩት፣ አረንጓዴ ሆነ። ከፒያሳ፣ ተባረክልኝ። አሁን ደግሞ ፖፕ3 (ኢሜይል የሚወርድበት) ቀይ ሆነ፣ ምንም ሳንነካው!

የሐዋሳው
ሪስታርት።

ብሌን
ሜሪዬ፣ የዩዘሮቹን ፓስወርድ የቀየረ ሰው አለ? ጓደኞችሽን ጠይቂ። ነጥብ የሚሰጠው ሲስተም በዩዘር ስምና በፓስወርድ ገብቶ ነው ኢሜይሉን የሚፈትሸው። ፓስወርዱ ተቀይሮ አዲሱ ካልተነገረው መግባት አይችልም፣ ሰርቪሱ ደህና ሆኖም ቀይ ያደርገዋል። ውድድሩ ላይ ለውጡ የሚቀርብበት መንገድ ይነገራችኋል፣ ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ እሱን አንብቡ። ማንም ካልቀየረ የፖፕ3ን ፖርት፣ 110ን፣ እዪ።

ከፒያሳ
አንድ ልጨምር። ሌላ ማሽን ላይ ዩኤፍደብሊው ከማብራትሽ በፊት ኤስኤስኤችን (ከሩቅ ሆነሽ ማሽኑ ላይ የምትገቢበትን) ክፈቺ። ከሩቅ ሆነሽ ከሆነ የምትሠሪው ራስሽን ውጭ ትቆልፊያለሽ።

አዲስ ገቢ
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ወጣሁ። ሴኩሪቲ ፕላስ ለተማሪ ቅናሽ አለው?

ብሌን
አለው። በኮሌጅ ኢሜይልሽ የተማሪ ዋጋ ታገኛለሽ፣ ሙሉውን እንዳትከፍዪ። ፈተናው ላይ ደግሞ የተግባር ጥያቄዎቹ መጀመሪያ ይመጣሉ። ሰዓትሽን እንዳይበሉብሽ እለፊያቸውና መጨረሻ ላይ ተመለሺባቸው።

ጋሽ ኔትወርክ
ሜሪ፣ ፖፕ3ቱስ? ፓስወርዱ ነው ወይስ ፖርቱ?