የሰው ልጅ ችግሩን ይፈታል ብሎ ተስፋ ማድረግ ያዋጣል?

የጦሳ ልጅ፦ የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ የሚያውቅ ወሎዬ ይህን ምን ብሎ ይመን? ማስረጃ ያለው ይንገረኝ።

ቦርከና፦ የደስታ በሽታን ውሰድ። ከብቱን ፈጅቶ የ1880ዎቹን ረሃብ፣ ክፉ ቀንን፣ ያመጣው እሱ ነው፤ በ2003 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ክትባቱማ ድሮም ነበር፣ ግን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ አፋር ቆላ ላይ ከየት ይምጣ? ሙቀት ችሎ አንድ ወር ገደማ የሚቆየው ተሠርቶ፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑት ራሳቸው ሲከትቡ በሽታው ተያዘ። በዚያ ላይ አንዴ የተከተበ ከብት ዳግም አይያዝም። ሁሉም በሽታ እንዲህ አይመችም እንግዲህ።

ሐይቅ ዳር፦ ወንድምዓለም፣ እርከኑንም እየው። መሠረቱ 30 ሳንቲሜትር ያህል ተቆፍሮ፣ መስመሩ በውሃ ልክ ይለካል። በዓይን ግምት ከተሠራ ጎርፉ ዝቅ ባለው በኩል ተጠራቅሞ ይንደዋል፤ የላዩ ሲናድ የታቹን ይዞ ይሄዳል። የቦረቦር ክትርም መሃሉ ከጫፎቹ ዝቅ ካላለ ውሃው ዳሩን ፈልፍሎ ያልፋል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። የሚያስቸግረው ልቅ ግጦሹ ነው።

የጦሳ ልጅ፦ እሱንስ ማን ይከልክል?

ሐይቅ ዳር፦ ቀበሌ ብቻውን አይችልም። ተራራው ከግጦሽ ከመከለሉ በፊት ማን ስንት ሸክም ሣር እንደሚያጭድ ካልተስማሙ ባለ ከብቱ ማታ ይለቅበታል።