ሁለተኛውን መጽሐፍ በሁለት ከተማ፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊዋ፦
ሰላም እናንተዬ። ባለፈው ቅዳሜ ከአቦል እስከ በረካ «ሁለተኛው ይበልጣል» ስትሉ ስለዋላችሁ ይኸው በጽሑፍ አመጣሁት። የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢዎች አንድ ላይ የምናስገባው ነው። የምንጠይቀው አዳራሽ ለሦስት ቅዳሜ። የምናነበው የሱዛን ኮሊንስን «ካቺንግ ፋየር»፣ የ«ሀንገር ጌምስ»ን («የረሃብ ጨዋታ») ሁለተኛ መጽሐፍ። ሦስት ቅዳሜ ያልኩት በግምት አይደለም። መጽሐፉ ራሱ ሦስት ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ ዘጠኝ ዘጠኝ ምዕራፍ። እኛን አስባ የከፋፈለችው ነው የሚመስለው።

«ለምን ሁለተኛውን?» ለሚለው እንዲህ ጽፌያለሁ፦ «የመጀመሪያው ልጅቷ ትተርፍ ይሆን ብሎ ያስጨንቃል። ሁለተኛው የመትረፏን ዕዳ ያስከፍላታል።» ብዙ ተከታይ መጽሐፍ ያደረ ወጥ ነው፤ አሙቀው ያቀርቡልሃል። ይሄ ግን ባለታሪኳን ካትኒስን ልጆች እስከ ሞት በሚፋለሙበት ውድድር አሸናፊ አድርጎ፣ ትልቅ ቤት አስገብቶ፣ ገንዘብ ሰጥቶ፣ ከዚያ ፕሬዚዳንቱን እዚያው ቤቷ ውስጥ ቁጭ አድርጎ ያስጠብቃታል። ሰውየው ደምና ጽጌረዳ ይሸታል። እኔን የያዘኝ ያ ሽታ ነው። ጨምሩ፣ ቀንሱ።

ገንዘብ ያዡ፦
ያለን ሦስት ቅጂ ነው። ሁለቱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ። ፎቶ ኮፒ እናባዛ የምትሉኝ ይቅርባችሁ፣ ሙሉ መጽሐፍ ማባዛት የደራሲዋን ላብ መስረቅ ነው። በየተራ ይዞር። ሌላው፣ ለቡናና ለቆሎ የሚሆን ገንዘብ አለ፣ ለድንኳን ግን የለም። ድንኳን የሚል ቃል ረቂቁ ላይ አየሁ፣ ይሰረዝ።

የኮምቦልቻዋ አባል፦
እኔ የማነሳው ሁልጊዜ እኛ ወደ ደሴ የምንወጣበትን ነገር ነው። በክረምት ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ሲወርድ እኮ ከሚኒባሱ አፍንጫ በላይ አይታይም። ሁለተኛው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ይሁን። ምክንያቴ ታክሲ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ክፍል የሚከፈተው በዳቦ ነው። ጫካ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር፣ ከ8ኛው ዲስትሪክት፣ ከዚያች አገር አንዱ ክልል፣ ያመለጡ ሁለት ሴቶች ዳቦ ያወጣሉ። ዳቦው ላይ የካትኒስ መለያ የሆነችው ወፍ ታትማለች። 8ኛው ዲስትሪክት ደግሞ ጨርቃጨርቅ የሚመረትበት ነው። አንዷ መምህርት፣ አንዷ ተማሪ ናቸው፤ ከትምህርት በኋላ የወታደር ልብስ የሚሰፋበት ፋብሪካ ይሠራሉ። ሲያመልጡም የለበሱት ያንኑ ልብስ ነው። እዚያ በገዥዎቹ ላይ የተነሳው ዓመፅ የተጠነሰሰው የት መሰላችሁ? ማሽኑ ሥር። ጩኸቱ ስለሚበረታ አፍን ጆሮ ላይ አስጠግቶ የተናገሩትን ሌላ ሰው አይሰማም።

ይሄን ሳነብ እናቴን አየኋት። ክር ክፍል ነበር የምትሠራው። እቤት ስትገባም እየጮኸች ነበር የምታወራው፤ ጎረቤት የተጣላን ይመስለው ነበር። ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ደግሞ ድምፅ ሳታወጣ በከንፈር ብቻ ትግባባለች። ገበያ ውስጥ ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ቆመው ሲሳሳቁ እኛ ምንም አንሰማም። ኮምቦልቻ ይሄን ምዕራፍ የሚያስረዳችሁ ሰው ሞልቷል። እናቶችንም እንጥራ።

ጸሐፊዋ፦
ተቀብያለሁ። ሁለተኛው ቅዳሜ ኮምቦልቻ።

ጋሼ (ጡረታ የወጡት መምህር)፦
ልጆቼ፣ መጽሐፉን አላነበብኩም። ርዕሱን ግን አልወደድኩትም። የረሃብ ጨዋታ ብላችሁ ወሎ ላይ ማስታወቂያ ልትለጥፉ ነው? እዚህ ረሃብ ጨዋታ አይደለም። የ66ቱን የሚያስታውስ፣ የ77ቱን ያየ ሰው በዚያ በር ያልፋል። ሌላ መጽሐፍ ጠፍቶ ነው?

ጸሐፊዋ፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ እኔም መጀመሪያ ያሸሸኝ ርዕሱ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎት። መጽሐፉ ውስጥ ባለው አገር ልጅ 12 ዓመት ሲሞላው ስሙ ዕጣ ውስጥ ይገባል። የወጣለት ለመሞት ይሄዳል። የተራበ ቤተሰብ ያለው ልጅ ስሙን ደጋግሞ ማስገባት ይችላል፤ በለውጡ ለአንድ ሰው ዓመት የሚሆን ጥቂት እህልና ዘይት ይሰጡታል። ካትኒስ 16 ዓመቷ ነው፣ ስሟ 20 ጊዜ ገብቷል። ጓደኛዋ ጌል 18 ዓመቱ ነው፣ የሱ 42 ጊዜ። የጠገበው ልጅ ስም ግን ጥቂት ጊዜ ነው። «ጨዋታ» ብለው የሚጠሩት ገዥዎቹ ናቸው እንጂ ደራሲዋ እየቀለደች አይደለም። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ዛሬ ማታ እልክልዎታለሁ፣ አንብበው ይፍረዱን።

አዲሱ አባል፦
ፊልሙን አይተን ብንገላገልስ? የ2013ቱን። ደግሞ ያ የውድድር ሜዳው እንደ ሰዓት የተሠራ መሆኑ በፊልም ነው የሚያምረው።

የኮምቦልቻዋ አባል፦
ኧረ አንተ ልጅ! አበላሸኸው እኮ። ገና ያላነበበ ስንት ሰው አለ እዚህ።

ጸሐፊዋ፦
በቃ ደንብ ይጻፍ፦ ያነበበ ሰው አፉን ይያዝ፣ ያልደረስንበት ምዕራፍ አይወራ። ፊልሙ መጥፎ አይደለም። ግን መጽሐፉን የምታወራው ካትኒስ ራሷ ናት፣ «አሁን እንዲህ እያየሁ ነው» እያለች። ፈርታ ስትዋሽ ውሸቱንም ፍርሃቱንም እኩል እንሰማለን። ፊልሙ ፊቷን ነው የሚያሳየን። ፊልሙ ከሦስተኛው ቅዳሜ በኋላ ይታይ፣ የፈለገ።

ገንዘብ ያዡ፦
ፕሮጀክተር ኪራይ የሚባል መስመር እንዳላይ።

ጋሼ፦
አራት ቀን ፈጀብኝ። እንግሊዝኛዬ ዝጎ ነበር። ጨረስኩት፣ ሁለተኛውንም ላኪልኝ።

አንድ ነገር ልጻፍላችሁ። በ77 ወጣት መምህር ነበርኩ። ስንዴና ዘይት ሲታደል ስም መዝጋቢ አድርገው መደቡኝ። አንዲት እናት የአምስት ልጅ ስም ነገረችኝ። አብረዋት የቆሙት ሦስት ነበሩ። ቀና ብዬ አየኋት፣ እሷም አየችኝ። አምስቱንም ጻፍኩ። ይሄን እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁም። ያቺ ልጅ ስሜ 20 ጊዜ ገብቷል ስትል መጽሐፉን አጠፍኩና ወጣ ብዬ የጦሳን ተራራ ሳይ ቆየሁ።

ማስታወቂያው ላይ ርዕሱ ብቻውን አይለጠፍ። ከሥሩ ስለ ስሙና ስለ እህሉ ሁለት መስመር ይግባ። በመጀመሪያው ቅዳሜ መክፈቻውን እኔ አወራለሁ፣ ከፈቀዳችሁ።

ጸሐፊዋ፦
ጋሼ፣ እኛ ማን ሆነን ነው የምንፈቅድልዎት። እጅ ነስተናል።

የኮምቦልቻዋ አባል፦
ጋሼ እግዜር ይስጥዎት። አንድ ሐሳብ ልጨምር። በመጀመሪያው ክፍል የፕሬዚዳንቱ ግብዣ አለ። እንግዶቹ ጠግበው መብላት ሲያቅታቸው የሚያስመልስ መጠጥ ይሰጧቸዋል፣ እንደገና እንዲበሉ። ደሴ ላይ ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ አለ፣ ስሙም አይጠየፍ። ያን ምዕራፍ ከማንበባችን በፊት በእግር እዚያ ደርሰን እንመለስ። ደጁን አይተን ብቻ።

ገንዘብ ያዡ፦
ወጪ የለውም። ደግፌያለሁ።

ጸሐፊዋ፦
የተስተካከለው ረቂቅ ይኸው፣ ነገ ጠዋት አስገባዋለሁ፦

«ሦስት ቅዳሜ ከሰዓት። አንደኛው ደሴ፣ ከምዕራፍ 1 እስከ 9፣ የጋሼ መክፈቻ፣ ወደ አይጠየፍ የእግር ጉዞ። ሁለተኛው ኮምቦልቻ፣ ከ10 እስከ 18፣ ጨርቃጨርቅ የሠሩ እናቶች በእንግድነት። ሦስተኛው ደሴ፣ ከ19 እስከ 27። እንግሊዝኛ ለሚከብደው የተመረጡ ገጾች በቃል ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። የምንጠይቀው አዳራሽ፣ 40 ወንበርና ለቡናው የእሳት ቦታ።»

አዲሱ አባል፦
በቃል የሚመልሰው ማነው?

ጸሐፊዋ፦
አንተ ነህ። ሜዳውን ያወራህበት ቅጣት ይሁንህ።

ገንዘብ ያዡ፦
ሁለተኛው ቅጂ ደርሶኛል። ምዕራፍ 11 ላይ ቡና ፈሶ ገጾቹ ተጣብቀዋል። ማን እንደሆነ ስለማውቅ ራሱ ይንገረኝ።